ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ፦ ሙቀቱ የተሳሳተ የአንድ ኦቭን ጉዳይ

ስልኩ የመጣው ፋሲካ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የደወሉልኝ እናት ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለልደትና ለክርስትና ኬክ፣ ለበዓል ድፎ እየጋገሩ ይሸጣሉ። የሚኖሩት አዲስ አበባ ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ኦቭን ሊያከስረኝ ነው» አሉኝ። «ሁለት ባለሙያ አይቶታል። ቴርሞስታቱ ተቀየረ። የታችኛው ሬዚስታንስ ተቀየረ። እሱ ግን ያው ነው። ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ይሆንብኛል።»

ይህች የመጨረሻዋ ንግግራቸው ከጆሮዬ አልወጣችም። የተበላሸ ቴርሞስታት (ኦቭኑ ሲሞቅ እሳቱን የሚቆርጠው፣ ሲበርድ የሚያበራው ክፍል) ሰዓት አያውቅም። ከተሳሳተ ጠዋትም ማታም አንድ ዓይነት ስህተት ነው የሚሳሳተው። እንደ ሰዓቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቤታቸው ደረስኩ።

ምድጃው በብዙ ቤት የምናየው ዓይነት ነው። ስፋቱ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ከላይ አራት የጋዝ ማንደጃ፣ ከታች የኤሌክትሪክ ኦቭን። ኦቭኑ ሁለት ማዞሪያ አለው። አንዱ የላዩን ወይም የታቹን እሳት ይመርጣል፣ ወይም ሁለቱን አንድ ላይ ያበራል። ሌላው ሙቀቱን ይወስናል፤ ከ50 እስከ 250 ተጽፎበታል። የላይኛው ሬዚስታንስ (የሚግለው ብረት) 1000 ዋት፣ የታችኛው 1200 ዋት ነው። ዲጂታል የሚባል ነገር የለበትም። እንዲህ ያለ ኦቭን ደስ ይለኛል። የሚደብቀው ነገር ትንሽ ነው።

ካቻቪቴዬን ሳላወጣ ቡና ቀረበልኝ። እኔም መጠየቅ ጀመርኩ። መቼ ጀመረው? ከመጀመሩ በፊት ምን ተደረገ? ምን ስትጋግሩ ምን ሆነ? እነዚህን ሳልጠይቅ ምንም አልፈታም። እቃውን በየቀኑ የሚጠቀመው ሰው የሚያውቀውን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በመሣሪያ ማግኘት አይቻልም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኦቭኑ አራት ዓመት ያለ ችግር ሠርቷል። ከገና በኋላ ኬኩ አልበስል አለ። 180 ላይ 40 ደቂቃ ይበቃው የነበረ ኬክ ከአንድ ሰዓት በኋላም መሐሉ ሊጥ ነው። ከዚያ ጾም ገባ። በሁዳዴ የሚጋግሩት እንቁላልና ቅቤ የሌለበት የጾም ኬክ ስለሆነ ጥፋቱን ለአሠራሩ ሰጡት። ጾሙ ሊፈታ ሲል ግን የድፎ ትዕዛዝ መጣ፣ ድፎውም ነጭ ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያው ባለሙያ ተጠራና ቴርሞስታቱን ቀየረ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ትንሽ ተሻለው። ግን አልዳነም።»

ሁለተኛው ባለሙያ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሽጉጥ የሚመስለውን በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር ይዞ ነበር። የኦቭኑን ወለል ሲለካ 185 አነበበ። «ሙቀቱ ትክክል ነው፣ የደከመው የታችኛው ሬዚስታንስ ነው» ብሎ እሱን ቀየረ። ምንም ለውጥ አልመጣም። እሳቸው ሲጨንቃቸው ማዞሪያውን 240 ላይ አድርገው መጋገር ጀመሩ። ጠዋት ሲሆን ይሠራል። ማታ በዚያው 240 ላይ ደግሞ ዳር ዳሩ ይከስላል፣ መሐሉ ጥሬ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። «እትዬ፣ ለገና ኦቭኑን አጽድተውት ነበር?»

«እንዴታ! ውስጡን በሽቦ ፈትጌ እንደ አዲስ ነው ያደረግሁት።»

ይህን በማስታወሻዬ ላይ ጽፌ አሰመርኩበት።

መለካት ከመጀመሬ በፊት ግን መለኪያዬን ማመን አለብኝ። እኔ የምጠቀመው ኤሌክትሪክ ከሚለካው መሣሪያ፣ ከመልቲሜትር ጋር የሚሰካ፣ ጫፉ እንደ ክር የቀጠነ የሙቀት ሽቦ ነው። ሽቦው በኦቭኑ በር መሐል ያልፋል፣ በሩም ይዘጋል። መጀመሪያ በረዶ የበዛበት ውኃ ውስጥ ከተትኩት፤ 0 አካባቢ አነበበ። ቀጥሎ የሚንተከተክ ውኃ ውስጥ ከተትኩት፤ 92 አለ።

እትዬ አጠገቤ ቆመው እያዩ «ልጄ፣ ይሄማ ተበላሽቷል። ውኃ በ100 አይደል የሚፈላው?» አሉኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ባለሙያም ይሳሳትበታል። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ ስለሚቀንስ ውኃው ቶሎ ይፈላል፣ በ92 ዲግሪ አካባቢ። ስለዚህ 92 ያነበበው መለኪያ ትክክለኛው ነው። አዲስ አበባ ላይ በሚፈላ ውኃ ውስጥ 100 የሚያነብ ቴርሞሜትር ካላችሁ እሱን ነው መጠራጠር ያለባችሁ። ባለ መርፌ የኦቭን ቴርሞሜትሮችን «100 አላነበበም» ብለው ጠምዝዘው «ያስተካከሉ» ሰዎች አጋጥመውኛል። ከዚያ በኋላ ያ ቴርሞሜትር በሌላ ነገር ሁሉ 8 ዲግሪ ይዋሻል።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ኦቭኑን 180 ላይ አድርጌ፣ የላይና የታች እሳቱን አበራሁ። የሽቦዬን ጫፍ በመሐለኛው መደርደሪያ፣ በመሐሉ ላይ፣ ብረት ሳይነካ አየር ላይ አንጠለጠልኩት። ኬኩ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሌላ ቦታ ያለው ሙቀት ለኬኩ ምኑም አይደለም። የጨረሩ ሽጉጥ ባለሙያውን ያሳሳተውም በዚህ ነው። መሣሪያው የሚያየው የፊት ለፊቱን ገጽ እንጂ አየሩን አይደለም። የታችኛው ሬዚስታንስ ደግሞ ከወለሉ ሥር ነው ያለው። ወለሉ 185 ሆኖ መሐሉ 130 ሊሆን ይችላል።

በ6 ደቂቃ ውስጥ ኦቭኑ እየሞቀ መሆኑን የምታሳየው ትንሽ መብራት ጠፋች። ቴርሞስታቱ «ደረስኩ» ብሎ ቆረጠ። መልቲሜትሬ ያነበበው 121 ነው።

በዚህ ላይ ተመሥርቶ መፍረድ አይቻልም። የመጀመሪያው መቁረጥ ሁልጊዜ ያሳስታል፤ ግድግዳው ገና ቀዝቃዛ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገስና ቴርሞስታቱ አራት አምስት ጊዜ ሲይዝና ሲቆርጥ መመዝገብ ያስፈልጋል። ጤነኛ ኦቭንም አንድ ቦታ ቆሞ አይቀርም። 180 ላይ ከተደረገ ወደ 195 ይወጣል፣ ወደ 165 ይወርዳል። ወሳኙ አማካዩ ነው። አማካዩ በ10 ዲግሪ ቢሳሳት እኔ አልነካውም።

የእትዬ ኦቭን ግን ከ118 እስከ 146 ነበር የሚመላለሰው። አማካዩ 132። 180 የተባለው 132! ኬኩ አለመብሰሉ ምኑ ይገርማል?

የበሩን ጎሚኒ በወረቀት ፈተሽኩ። ወረቀቱን በበሩ መሐል አድርጎ መጎተት ነው፤ በየቦታው ጨምድዶ ያዘው። ጎሚኒው ደህና ነው። ኦቭኑ ሲቀዘቅዝ ብሬከሩን አወረድኩ፣ ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ከኋላው ከፍቼ ሬዚስታንሶቹን ለካሁ። የላይኛው 53 ኦም፣ የታችኛው 44 ኦም። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 230 ቮልት በራሱ ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል 53፣ ለ1200 ሲካፈል 44 ይሰጣል። ከምድጃው ብረት ጋርም አይነካኩም። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው።

ከዚያ ባትሪዬን አብርቼ ጭንቅላቴን ወደ ኦቭኑ ውስጥ አስገባሁ።

የዚህ ዓይነት ቴርሞስታት እንዴት እንደሚሠራ መናገር አለብኝ፤ የታሪኩ እምብርት እሱ ነው። ከማዞሪያው ጀርባ ካለው ሳጥን ክር የመሰለ ቱቦ ይወጣና ኦቭኑ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ላይ እርሳስ የምታክል የብረት ዘንግ አለች። ውስጧ ፈሳሽ ነው። ዘንጓ ስትሞቅ ፈሳሹ ያብጣል፣ በቱቦው በኩል ገፍቶ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን መቆጣጠሪያ ይከፍታል፣ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። ስትበርድ ፈሳሹ ይሰበሰብና ተመልሶ ይይዛል። በቃ። ቴርሞስታቱ የኬኩን ሙቀት አያውቅም። የሚያውቀው የዘንጓን ሙቀት ብቻ ነው።

ዘንጓ የምትቀመጠው በኋለኛው ግድግዳ ላይ፣ በሁለት ትናንሽ መያዣዎች ተይዛ ነው። እኔ ሳይ መያዣዎቹ ባዶ ናቸው። ዘንጓ ወደ ላይ ተቆልምማ ከላይኛው ሬዚስታንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃ ተንጠልጥላለች። ሬዚስታንሱ ገና ሲቀላ እሷ ትቃጠላለች፣ ቴርሞስታቱም ይቆርጣል። የቀረው ኦቭን ገና ለብ ማለቱ ነው።

ለገና ሲፈተግ የመጀመሪያዋ ዘንግ ከመያዣዋ ወጣች። መያዣው ትንሽ ነው፤ በሽቦ ለሚፈትግ ሰው አይታይም። የመጀመሪያው ባለሙያ አዲሱን ቴርሞስታት ሲያስገባ የአሮጌውን አቀማመጥ አየና አዲሷንም እዚያው አንጠለጠላት። እትዬን ማንም አስተምሯቸው አያውቅም፣ በማጽዳታቸው የሚወቀሱበት ምክንያት የለም። ባለሙያው ግን መያዣዎቹን ማየት ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

ዘንጓን በጥንቃቄ ወደ መያዣዎቹ መለስኳት። ቱቦው በፒንሳ አይጨመቅም፣ በሹል አይታጠፍም። ፈሳሹ ከፈሰሰ ቴርሞስታቱ መቁረጥ ያቅተዋል፣ ኦቭኑም ያለ ልክ ይግላል። በእጄ ሰፋ ባለ ኩርባ አዙሬ አስቀመጥኳትና ኦቭኑን እንደገና 180 ላይ አበራሁ። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

መልቲሜትሩ 180 ደረሰ። መብራቷ አልጠፋችም። 200 አለፈ። ከ220 በኋላ ቆረጠ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፦ ከ211 እስከ 239፣ አማካዩ 225።

እትዬ ቁጥሩን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አሁን ደግሞ ሊያነደው ነው እንዴ?»

ምድጃውን እንደገና አቀዝቅዤ ከነቀልኩ በኋላ የፊቱን ገበታ ፈታሁ። የተቀየረውን ቴርሞስታት አወጣሁት። ጎኑ ላይ በትንንሽ ፊደል 50–320 የሚል ተቀርጿል። የምድጃው ማዞሪያ ግን የሚያበቃው 250 ላይ ነው።

ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ማዞሪያው ቁጥር የተጻፈበት ፕላስቲክ ብቻ ነው። 50 ላይ ጀምሮ 250 ላይ ሲያበቃ፣ ከኋላው ያለው ቴርሞስታት በዚያው ዙር ከ50 ተነሥቶ 320 ይደርሳል። ማዞሪያው 180 ሲል የመንገዱ 65 በመቶ ላይ ነው። ከ50 እስከ 320 ያለው መንገድ 65 በመቶ ደግሞ 225 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኔ የለካሁት በትክክል እሱን ነው።

እዚህ ላይ ነው «ትንሽ ተሻለው» ያሉኝ ነገር የገባኝ። ዘንጓ ከቦታዋ ስትወጣ ኦቭኑ ቀዘቀዘ። ከዚያ የማይገባው ቴርሞስታት ገባና ሙቀቱን በ45 ዲግሪ ወደ ላይ ገፋው። ሁለተኛው ስህተት የመጀመሪያውን በከፊል ሸፈነለት። ኦቭኑ የተሻለው የታመመው ስለዳነ አይደለም። ግን መሻሉን ያየ ሁሉ «ችግሩ ቴርሞስታቱ ነበር፣ አሁን የቀረው ሌላ ነው» ብሎ አሰበ። ሁለተኛው ባለሙያም ወደ ሬዚስታንሱ የሄደው በዚያ መንገድ ነው። በሥራዬ እንደዚህ የምፈራው ነገር የለም። ጨርሶ ያልተሻለ እቃ ሰው ጥፋቱን እንደገና እንዲፈልግ ያደርጋል። ትንሽ የተሻለ እቃ ግን በተሳሳተ መንገድ ላይ ሩቅ ያስኬዳል።

«እትዬ፣ አሮጌው ቴርሞስታት የት ሄደ?»

በደስታ ልዘልል ምንም አልቀረኝም። ቁም ሳጥን ከፍተው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አመጡ። «ከፍዬበት የለ፣ ለምን እጥለዋለሁ?» አሉ። እባካችሁ እንደ እሳቸው አድርጉ። የተቀየረ እቃ የእናንተ ነው። ባለሙያው ይዞት እንዳይሄድ፣ ቆሻሻ ውስጥም እንዳትጥሉት። ቢያንስ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ለማየት ያስፈልጋል። በዚህኛው ላይ የተጻፈው 50–250 ነው።

ጤነኛ መሆኑን ግን በግምት አልናገርም። ትንሽ ድስት ውስጥ የምግብ ዘይት አደረግን። በውኃ አይሆንም፤ እዚህ ከተማ ውኃ ከ92 አያልፍም፣ እኔ የምፈልገው 150 ነው። ሽቦ ያልተገናኘበትን ቴርሞስታት ከድስቱ ውጪ አስቀምጬ ዘንጉን ብቻ ዘይቱ ውስጥ አስገባሁ፣ የመለኪያዬን ጫፍ አጠገቡ። ዘንጉ ደረቅ መሆን አለበት፤ የውኃ ጠብታ ትኩስ ዘይት ውስጥ ከገባ ይፈናጠራል። ማዞሪያውን 150 ላይ አድርጌ ጋዙን በቀስታ ለኮስኩት። ሌላው መልቲሜትሬ መቆጣጠሪያው ዝግ እስከሆነ ድረስ ይጮኻል።

130። 140። 150። 154 ላይ «ቀጭ» አለና ጩኸቱ ቆመ። ጋዙን አጥፍቼ ዘይቱ ሲበርድ 141 ላይ ተመልሶ ያዘ። ለእንዲህ ያለ እቃ ይህ በጣም ጥሩ ነው። ቀጥሎ አዲሱን በዚያው ማዞሪያ፣ በዚያው 150 ላይ ሞከርኩ። ዘይቱ 150 አለፈ፣ ዝም። 170 አለፈ፣ ዝም። 187 ላይ ቆረጠ። እሱም ቢሆን አልተበላሸም። ለሌላ ምድጃ የተሠራ ነው።

አሮጌውን ወደ ቦታው መለስኩት፣ ዘንጉን በሁለቱም መያዣ አሰርኩት። ኦቭኑ 180 ላይ ሲደረግ ከ168 እስከ 194 ሆነ፣ አማካዩ 181። እትዬ «እኔ ታዲያ ለምን ከፈልኩ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቴርሞስታቱም ሬዚስታንሱም ያለ ምክንያት ነው የተቀየሩት።

የቀረው ጠዋትና ማታው ነው። ለዚህ ማታ መመለስ ነበረብኝ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ሕንፃው ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ተመለስኩ። ጠዋት ሳልሄድ በፊት ኦቭኑ እየሠራ ቮልቱን ለክቼ ነበር። ብሬከሩ ላይ 218፣ ምድጃው ጀርባ ላይ 202። ማታ ብሬከሩ ላይ 186፣ ምድጃው ጀርባ ላይ 172።

የሬዚስታንስ ጉልበት ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ይብሳል። ቮልቱ በሩብ ሲቀንስ ጉልበቱ ግማሽ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። በ172 ቮልት ያ 1200 ዋት የተባለው ሬዚስታንስ የሚሰጠው 670 ዋት ያህል ነው። ኦቭኑ 180 ይደርሳል፣ ግን ጠዋት ከሚፈጀው ጊዜ በጣም ዘግይቶ ነው። እትዬ ደግሞ ሁልጊዜ በሰዓት ነው የሚያሞቁት፦ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ኬኩ ይገባል። ማታ 10 ደቂቃ ላይ ኦቭኑ ገና መንገድ ላይ ነው። ማዞሪያው 240 ስለሆነም ሬዚስታንሶቹ ሳይቆርጡ ይነዳሉ፣ ኬኩን ከላይና ከታች በቀጥታ ይለበልቡታል። አየሩ ገና ስላልሞቀ መሐሉ አይበስልም። ዳሩ ከሰል፣ ውስጡ ሊጥ የሆነው በዚህ ነው። ሌላም አለበት፤ የላይኛው ሬዚስታንስ ማታ ሲደክም የተንጠለጠለችውን ዘንግ እንደ ጠዋቱ አይፈጃትም። ስለዚህ ቴርሞስታቱ ዘግይቶ ይቆርጥ ነበር፣ ኦቭኑም በመጨረሻ ከጠዋቱ የበለጠ ይግል ነበር። ጠዋት በ240 የተሳካው ማታ በ240 የሚበላሸው ለዚህ ነው።

የማታው ቮልት መውረድ የእኔ ሥራ አይደለም፣ የሰፈሩ ነው። በብሬከሩና በምድጃው መሐል ያለው የ14 ቮልት ልዩነት ግን የእኔ ሥራ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ለስልክና ለመብራት የሚሆን ቀጭን ገመድ ያለው ማከፋፈያ ነበር። ከማቀዝቀዣው ኋላ ተደብቆ ነበር። ሶኬቱን ስነቅለው ጣቴን ለበለበኝ፣ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኗል። 14 ቮልት በ7 አምፔር 100 ዋት ገደማ ነው። እትዬ ኬክ በጋገሩ ቁጥር 100 ዋት እሳት በእንጨት ቁም ሳጥንና በማቀዝቀዣ መሐል ይነድ ነበር ማለት ነው። እኔ ከኬኩ ይልቅ ይህ ነው ያስደነገጠኝ። ማከፋፈያውን አስወገድን። ለምድጃው ብቻ ከብሬከሩ በቀጥታ፣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከመሬት መስመር ጋር አስገባሁ። የቤታችሁን ምድጃ ሶኬት ዛሬ ማታ፣ ጋግራችሁ ስትጨርሱ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት። ከሞቀ ምድጃውን አጥፉና ኤሌክትሪሲያን ጥሩ።

ለማሞቅም በሰዓት መሄዱን ትተው በመብራቷ እንዲሄዱ ነገርኳቸው። መብራቷ ጠፍታ፣ እንደገና በርታ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጠፋ ኬኩ ይግባ። ጠዋት 20 ደቂቃ ቢሆን፣ ማታ 35 ቢሆን፣ እሷ ታውቃለች። በሩም አስር ጊዜ አይከፈት። አንድ ጊዜ ሲከፈት 30 ዲግሪ ሲወርድ በመልቲሜትሩ አሳየኋቸው።

ከሳምንት በኋላ ደወሉ። «ልጄ፣ ሙቀቱ ግሩም ነው። ድፎው እንደ እናቴ ድፎ ወጣ። ግን ያቺ ከኢንተርኔት የወሰድኳት ኬክ አብጣ አብጣ መሐሏ ሰመጠ።»

ኦቭኑን ሄጄ ለካሁት፣ አማካዩ 180። ስለዚህ የአሠራሩን ወረቀት አየን። ሦስት ሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይላል። አሠራሩ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ያው ውኃውን በ92 ያፈላው ስስ አየር እዚህም አለ። ኬኩ ውስጥ ያለው ጋዝ ሲያብጥ የሚጫነው አየር ያነሰ ነው፣ ሊጡ ሳይጠነክር ቶሎ ይነፋና ይወድቃል። ከእያንዳንዱ ሻይ ማንኪያ ሩቡን ይቀንሱ፣ ሙቀቱን 190 ያድርጉት፣ ወተቱን ትንሽ ይጨምሩ አልኳቸው። ድፎ ግን እሳቸው በልጅነታቸው እዚሁ ከፍታ ላይ ስለተማሩት ምንም ማስተካከያ አላስፈለገውም። ኩፍ ማለቱን በዓይናቸው ነው የሚያውቁት።

ሰኔ ላይ ለሌላ ሥራ በዚያ ሰፈር ሳልፍ ጎራ አልኩ። የሙቀት ሽቦዬን አስገባሁ፦ ከ167 እስከ 193። አዲሱ የምድጃ ሶኬት ቀዝቃዛ ነው። ሥራቸውን አብዛኛውን ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ይጨርሳሉ፣ ማታ የሚጋግሩት ትዕዛዝ ሲበዛ ብቻ ነው። ባለ 320ው ቴርሞስታት በፌስታሉ ውስጥ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። በእጃቸው ጽሑፍ ወረቀት ለጥፈውበታል፦ «ጤነኛ ነው፤ የዚህ ምድጃ ግን አይደለም።»